የመጀመሪያ አልበም ሽፋን ከጆሮ ይወለዳል፦ ከጅማ የተጻፈ ዝርዝር መመሪያ

ኮምፒውተሩን ለጊዜው አትክፈቱት።

ባለፈው ክረምት አንዲት ወጣት ድምፃዊት የመጀመሪያ አልበሟን ሽፋን እንድሠራላት መጣች። በስልኳ ውስጥ ሠላሳ ያህል የሌሎች ዘፋኞች ሽፋን ሰብስባ ነበር። «ጋሼ፣ እንደዚህ ዓይነት ነው የምፈልገው» አለችኝ። ተራ በተራ አየሁላት። ከዚያ ስልኩን መለስኩላትና ዘፈኖቹን እንድትሰጠኝ ጠየቅኋት። ገረማት። ጅማ ውስጥ የሠርግ ጥሪ፣ የሱቅ ታፔላ፣ የመጽሐፍና የአልበም ሽፋን እየሠራሁ በቆየሁባቸው ዓመታት ያመንኩበት ነገር ግን ይህ ነው፦ ሽፋን በዓይን ቢታይም የሚወለደው ከጆሮ ነው። ዘፈኑ ሳይደመጥ የተሠራ ሽፋን፣ ቢያምር እንኳ፣ የማንም ሊሆን ይችላል። ለጀማሪ ደግሞ ይህ ትልቅ ጉዳት ነው፤ አድማጩ ገና አያውቃትምና።

ከዚህ በታች የዚያችን ልጅ ሽፋን እንደ ምሳሌ ይዤ፣ ሥራው ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ፋይል እንዴት እንደሚሄድ አሳያለሁ። ለጀማሪ ዲዛይነሮችም፣ ዲዛይነር ቀጥረው ለሚያሠሩ ድምፃውያንም የታሰበ ነው።

አንደኛ፦ አዳምጡ፣ ጻፉ

ዘፈኖቹን በሙሉ ተቀበሉ። የመጨረሻው ማስተር (ለመውጣት የተዘጋጀው የተስተካከለ ድምፅ) ባይደርስ እንኳ ድምፅና ሙዚቃው የተዋሐደበት ቅጂ ይበቃል። ግጥሞቹንም ተጽፈው ጠይቁ። ሦስት ጊዜ አዳምጡ። የመጀመሪያውን ጊዜ ያለ ወረቀት ነው፤ እኔ ከጅሬን ኮረብታ ወደ ከተማው በእግሬ ስወርድ እሰማለሁ። ሁለተኛውን ግጥሙን ይዛችሁ አዳምጡና በዓይን ሊታይ የሚችለውን ሁሉ አስምሩበት፤ ልብስ፣ ዕቃ፣ ሰዓት፣ መንገድ፣ የአየር ጠባይ። ሦስተኛው ከግጥሙ ውጭ ያለውን ድምፅ ለመስማት ነው፤ ክራሩ ሩቅ ነው ቅርብ? ድምፃዊቷ ለአንድ ሰው ታንሾካሹካለች ወይስ ለአደባባይ ትዘፍናለች? አልበሙ ሲያልቅ ቀኑ መሽቷል ወይስ ነግቷል?

በሦስተኛው ጊዜ ነው የአራተኛው ዘፈን መጨረሻ ላይ ዝናብ የሰማሁት። ድምፁን የቀዳችው በቤተሰቧ ቤት፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ባለው ክፍል ውስጥ ነበር። ዝናብ በመጣ ቁጥር ቀረጻው ይቆማል፤ እስኪያባራ ይጠበቃል። አንድ ቀን ግን ዜማውን ልትጨርስ ስትል ጣለባት፤ አቀናባሪው ያንን ጥቂት ሰከንድ አልቆረጠውም። እሷ እንደ ጉድለት አይታው ልትደብቀው ፈልጋ ነበር። ለእኔ ሽፋኑ እዚያ ነበር።

ካዳመጣችሁ በኋላ ስለ አልበሙ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። የእኛው «ዝናቡ እስኪያባራ የምትጠብቅ ልጅ» የሚል ሆነ። ድምፃዊቷ ዓረፍተ ነገሩን ስታነብ «አዎ፣ እኔ ነኝ» ካላለች ወደ ማዳመጡ ተመለሱ። እዚህ ላይ የሚጠፋው ሁለት ቀን በኋላ ሁለት ሳምንት ያተርፍላችኋል።

ሁለተኛ፦ ከተማዋ ወይስ ዘፈኑ?

ጅማ ላለን ሰዎች አንድ ፈተና አለ። ሽፋን ሲባል ጀበና፣ የቀላ የቡና ፍሬ፣ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ቶሎ ወደ አእምሯችን ይመጣሉ። ሦስቱንም እወዳቸዋለሁ። ነገር ግን የከተማዋን መለያ የሆነ ነገር ሁሉ የአልበሙ መለያ አይሆንም። ቤተ መንግሥቱን በፍቅር ዘፈኖች አልበም ላይ ብታስቀምጡት ተመልካቹ የታሪክ ወይም የጉብኝት መጽሔት ይመስለዋል። ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1943 የተወለደው እዚሁ ጅማ ነው፤ ቪብራፎን የተባለውን የሙዚቃ መሣሪያ ይዞ የሠራው ሙዚቃ ግን በጀበና ሥዕል የሚጠቃለል አይደለም። ከዚህች ከተማ የሚወጣ ድምፅ ብዙ መልክ አለው።

መለኪያዬ ቀላል ነው። ዕቃው በዘፈኑ ውስጥ ካለ፣ ወይም ድምፃዊዋ በየቀኑ የምትነካው ከሆነ ይግባ። ያለበለዚያ ይቅር። የእኛ ልጅ ቤት በረንዳ ላይ ከአንድ ግንድ የተጠረበ ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ነበር፤ ዝናቡን የምትጠብቀው እሱ ላይ ተቀምጣ ነው። ከአሸንዳው ሥር ውኃ የሚያጠራቅም ቢጫ ጀሪካን ነበር። ሁለቱንም ማንም አላመጣቸውም፤ እዚያው ነበሩ።

ሦስተኛ፦ በእርሳስ፣ በትንሹ

በወረቀት ላይ ጎናቸው 3 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሃያ ካሬዎች ሥሩና በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ ሐሳብ በፍጥነት ንደፉ። ሥዕል መቻል አያስፈልግም፤ ክብ ራስ፣ ሦስት ማዕዘን ጋቢ፣ አራት ማዕዘን ፊደል ይበቃል። የመጀመሪያዎቹ አምስት ስድስቱ ከዚህ በፊት ያያችኋቸው የሌሎች ሽፋኖች ይሆናሉ፤ አትደንግጡ፣ ይውጡላችሁ። የራሳችሁ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ካሬው ትንሽ እንዲሆን የምለው በምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 የተመሠረተው የሙዚቃ አሳታሚ አምኃ ሬከርድስ ብዙ ሥራውን ያወጣባቸው ትንንሾቹ ሸክላዎች ስፋታቸው 17.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነበር። ካሴት ሲመጣ የሽፋኑ ፊት ወደ 6.5 ሴንቲ ሜትር ጠበበ። ዛሬ አብዛኛው አድማጭ ሽፋኑን መጀመሪያ የሚያየው በስልክ ዝርዝር ውስጥ፣ ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም በማይበልጥ ካሬ ነው። ስለዚህ ሐሳቡ በጥፍር ልክ መቆም አለበት።

የእኔ የመጀመሪያ ምርጫ ከቆርቆሮው ጠርዝ የሚወርዱ የውኃ ጠብታዎች ነበሩ። በትልቁ ሲታዩ ልብ ይነካሉ፤ ሲያንሱ ግን ሙሉ በሙሉ ጠፉ። የቀረው ቢጫው ጀሪካንና አጠገቡ የተቀመጠችው ልጅ ብቻ ነበር፤ ግራጫ መሐል አንድ ቢጫ ነጥብ። ስለዚህ ሽፋኑን ያገኘነው በማሳነስ ነው ማለት እችላለሁ።

ፊት ይኑር አይኑር የሚለው ክርክር እዚህ ይነሣል። በእኛ አገር የካሴት ሽፋን ላይ የዘፋኙ ፊት የተለመደ ነበር፤ አንዳንድ ወጣቶች ይህን እንደ ኋላ ቀርነት ያዩታል። እኔ አልስማማም። ሰው ድምፁን ከፊት ጋር አያይዞ ያስታውሳል፤ ስሙ ገና ያልታወቀ ሰው ፊቱን ቢደብቅ የሚያስታውሱት ምኑን ይዘው ነው? ፊቱ የፓስፖርት ፎቶ ይመስል ካሬውን ይሙላ ማለቴ ግን አይደለም። ወደ ጎን የዞረ፣ ወደ አንድ ነገር የሚመለከት ፊት ብዙ ጊዜ ካሜራ ላይ ከሚያፈጥ ፊት የበለጠ ይናገራል።

አራተኛ፦ ፎቶግራፉ

ጥሩ ካሜራ ቢኖር መልካም ነው፤ ከሌለ የቅርብ ዓመታት ስልክ ይበቃል። የሚወስነው ብርሃኑ ነው።

ጅማ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች የቀትር ፀሐይ ከአናት ላይ ትወርዳለች፤ የዓይን ጉድጓዶችን ታጠቁራለች፣ ግንባርን ታበራለች። በበጋ የምታነሡ ከሆነ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት፣ ወይም ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ይሁን። በክረምት ደግሞ ደመናው ራሱ ሰፊ የብርሃን መጋረጃ ነው፤ ጥላ የለሽ፣ ለስላሳ ብርሃን ይሰጣል። ብዙዎች ክረምትን ሸሽተው ቀጠሮ ያራዝማሉ፤ እኔ ግን ለፊት ፎቶ የጅማን ክረምት እመርጣለሁ።

ሁለት የአካባቢው ወጥመዶች አሉ። አንደኛው የቡና ጥላ ነው። በቡናና በጥላ ዛፍ መሐል ያለው ብርሃን በቅጠል ውስጥ አልፎ የሚመጣ ስለሆነ ፊትን አረንጓዴ ያደርጋል፤ በስልክ ላይ አይታወቅም፣ ሲታተም ግን ሰውየው የታመመ ይመስላል። መፍትሔው ከጥላው ጠርዝ ላይ ማቆምና ከፊት ለፊት ነጭ ነገር መያዝ ነው። ነጭ አንሶላ፣ ነጠላ፣ ወይም ነጭ የሥዕል ካርቶን ይሆናል። ሁለተኛው ሰማዩ ነው። ጠቆር ያለ ፊት ነጭ ሰማይ ከጀርባው ሲሆን ካሜራው ለሰማዩ ብሎ ፊቱን ያጠቁረዋል። በስልኩ መስታወት ላይ ፊቱን ነክታችሁ ብርሃኑን ለፊቱ አስተካክሉ፤ ሰማዩ ቢነጣ ይንጣ። ከሁሉ የሚሻለው ጠቆር ያለ ግድግዳ ወይም በር ከጀርባ ማድረግ ነው። በኋላ ፊቱን በኮምፒውተር «ማንጣት» ግን ፈጽሞ አታድርጉት። ቆዳዋ ራሱ ቀለም ነው፤ ሽፋኑ የሚያከብረው እንጂ የሚያርመው አይደለም።

ስልኩን ከፊት አጠገብ አታስጠጉት፤ አፍንጫ ያሳብጣል። ሁለት ሜትር ያህል ራቁና አጉሉ። ለጽሑፍ የሚሆን ባዶ ቦታ ከላይ ወይም ከጎን ተዉ። ሁልጊዜ ከምታስቡት ሰፋ አድርጋችሁ አንሡ፤ በኋላ መቁረጥ ይቻላል፣ መጨመር ግን አይቻልም።

እኛ በሦስት ቀናት፣ ከሰዓት በኋላ እየወጣን፣ ወደ ሁለት መቶ ፎቶ አነሣን። የተመረጠው እናቷ ከውስጥ ስትጠራት ዘወር ያለችበት ቅጽበት ነበር። አልተዘጋጀንለትም፤ ግን ካሜራውን ስላላወረድን አገኘነው።

ስለ ፈቃድ አንድ ነገር ልበል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የአንድን ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና መሸጥን ይከለክላል። በሂርማታ ገበያ ከጀርባ የቆመች ቅመም ሻጭ ፊቷ በግልጽ የሚታይ ከሆነ ጠይቋት፤ ከተስማማችም በጽሑፍ ይሁን። ከኢንተርኔት የወረደ ፎቶም የባለቤቱ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የፎቶግራፍ ሥራንም በጥበቃው ሥር ያካትታል። ፎቶግራፍ አንሺው ሌላ ሰው ከሆነ ስሙ በሽፋኑ ጀርባ ይጻፍለት።

አምስተኛ፦ ፊደሉ

ብዙ ሽፋን የሚበላሸው እዚህ ነው፤ እኔም ብዙ የምለው አለኝ።

የእኛ ፊደል በትንሽ ጭረት ይኖራል። ቡ እና ቢ የሚለያዩት ጭረቷ መሐል ላይ ወይም እግር ሥር በመሆኗ ብቻ ነው። የራሷን የከተማችንን ስም ውሰዱ፤ ከአናቷ ያለችው ሰረዝ ከጠፋች «ጅማ» «ድማ» ትሆናለች። በትልቅ የኮምፒውተር መስታወት ላይ ቆንጆ የነበረ ቀጭን ፊደል በጥፍር ልክ ሲያንስ መጀመሪያ የሚጠፉት እነዚህ ጭረቶች ናቸው። ስለዚህ የአልበሙን ስም በመረጣችሁት ፊደል ጻፉና በስልክ ላይ አሳንሳችሁ ቃሉን ለማያውቅ ሰው አሳዩ። አሳስቶ ካነበበው ፊደሉን ቀይሩ ወይም አወፍሩ።

አወፍሩ ስል ግን በኮምፒውተሩ ቁልፍ በግድ ማስወፈርን አይደለም። እንዲህ ሲደረግ የጠ፣ የጨ እና የሐ ውስጠኛ ክፍተቶች ይደፈናሉ። ከመጀመሪያው ወፍራም ሆኖ የተሠራ ፊደል ፈልጉ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ከስስ እስከ በጣም ወፍራም ደረጃ አላቸው፤ በነፃ ፈቃድም የተለቀቁ ናቸው። የብራና ጽሕፈት ለዛ ከፈለጋችሁ አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል አለ። ፊደልን ወደ ጎን መለጠጥና ወደ ላይ መሳብ የቁመቱንና የአግድሙን ውፍረት ያዛባል፤ አታድርጉት። ሌላው ችግር ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን በአንድ ዓይነት ኮድ የሚያነቡበት መስፈርት) ከመምጣቱ በፊት የተሠሩ የቆዩ ፊደሎች ናቸው፤ በእናንተ ኮምፒውተር ላይ አማርኛ የነበረው በማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ትርጉም የለሽ የላቲን ሆሄያት ሆኖ ይከፈታል። የትኛውንም ፊደል ብትጠቀሙ፣ ለህትመት በሚሄደው ቅጂ ላይ ጽሑፉን ወደ ቅርጽ (ፊደሉ በሌላ ኮምፒውተር ባይኖርም እንደ ሥዕል ወደሚታይ መስመር) ቀይሩት፤ ማረም የሚቻለውን ቅጂ ግን ለራሳችሁ አስቀሩ።

ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ሆሄ ስለሌለው የስሙንና የርዕሱን ደረጃ የምታሳዩት በመጠን፣ በውፍረትና በቦታ ነው። ሁለቱም እኩል ከሆኑ ዓይን የትኛው ሰው፣ የትኛው አልበም እንደሆነ አይለይም። ለጀማሪ የትኛው ይብለጥ? ርዕሱ አንድ አጭር ቃል ከሆነ ርዕሱ፤ ረዥም ከሆነ የዘፋኟ ስም ይብለጥ እላለሁ። በመስመሮች መሐልም ለላቲን ከምትሰጡት ሰፋ ያለ ክፍተት ስጡ፤ የግዕዝ ፊደላት በአብዛኛው ቁመታቸው ስለሚቀራረብ ሲጠጋጉ ግድግዳ ይሆናሉ።

በጅማ ብዙ አልበም በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ይሠራል፤ ርዕሱም በቁቤ፣ ማለትም በአፋን ኦሮሞ የላቲን ፊደል፣ እና በግዕዝ ሊጻፍ ይችላል። ሁለቱን ተመሳሳይ የነጥብ መጠን ብትሰጧቸው እኩል አይታዩም፤ በዓይን ማስተካከል ያስፈልጋል። ቁቤ ረዥም አናባቢንና ጠብቆ የሚነበብ ተነባቢን ደጋግሞ ስለሚጽፍ ቃሉ ወደ ጎን ይረዝማል። ስለዚህ ጎን ለጎን ከማጣበቅ አንዱን ከላይ፣ ሌላውን ከታች አድርጋችሁ ስፋታቸውን አመሳስሉ፤ የጭረታቸው ውፍረትም ይቀራረብ። አንዱን ቋንቋ እንደ ግርጌ ማስታወሻ አታሳንሱት፤ አድማጩ ይሰማዋል።

ለዚያች ልጅ ግን የተዘጋጀ ፊደል አልተጠቀምኩም። የመቃ ብዕር ሰጠኋትና ስሟን አርባ ጊዜ ያህል ጻፈች። መቃ ቁመቱን ወፍራም፣ አግድሙን ስስ ያደርጋል፤ የጥንቱ ጽሕፈታችን ለዛ ከዚያ ነው። ሠላሳ ሰባተኛውን መርጠን በመስኮት ብርሃን ፎቶ አነሣነውና ኢንክስኬፕ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ወደ ቅርጽ ቀየርነው። ስሟን የጻፈችው እሷ በመሆኗ ሽፋኑ ላይ እጇ አለ።

ሥዕል በሚፈጥሩ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞች ርዕስ የምታስጽፉ ተጠንቀቁ፤ የግዕዝ ፊደል የሚመስል ግን ፊደል ያልሆነ ነገር ሊጽፉ ይችላሉ።

ስድስተኛ፦ ቀለም

ሁለት ዋና ቀለም፣ አንድ ደማቅ ነጥብ። ከዚህ በላይ ለመጀመሪያ ሥራ አልመክርም። ሽፋኑን ወደ ጥቁርና ነጭ ለውጣችሁ እዩት፤ ጽሑፉ ከጀርባው ካልተለየ ቀለም አያድነውም።

ሰባተኛ፦ ፋይሉና ህትመቱ

ሸራውን (በኮምፒውተሩ የምትሠሩበትን ባዶ ገጽ) ከመጀመሪያው 4000 በ4000 ፒክስል አድርጋችሁ ክፈቱ። ለኢንተርኔት መደብሮች የሚፈለገው አብዛኛውን ጊዜ 3000 በ3000 ፒክስል፣ ፍጹም ካሬ፣ በአርጂቢ (የመስታወት ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን) ቀለም፣ ጄፔግ ወይም ፒኤንጂ ነው። ለሲዲ ፊት 12 በ12 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር የመቁረጫ ትርፍ (ወረቀቱ ሲቆረጥ የሚጣል ጠርዝ) ሲጨመር 12.6 ይሆናል፤ በኢንች 300 ነጥብ ጥራት ይህ 1488 ፒክስል ገደማ ነው። አንድ ቀን በሸክላ ይውጣ ቢባል ግን 31.5 ሴንቲ ሜትር ለሚሆን ሽፋን ከ3700 ፒክስል በላይ ያስፈልጋል፤ 4000 ያልኳችሁ ለዚህ ነው። የሲዲው ጀርባ ወረቀት 151 በ118 ሚሊ ሜትር ሲሆን ከዚህ ውስጥ ሁለቱ ጎኖች እያንዳንዳቸው 6.5 ሚሊ ሜትር ታጥፈው በመደርደሪያ ላይ የሚነበበውን ስም ይይዛሉ።

የመቁረጫ ትርፉን ንቄ የከፈልኩበት ጊዜ አለ። ከዓመታት በፊት የአንድ መዝሙር አልበም ርዕስን ከጠርዙ አስጠግቼ ላክሁ፤ ማተሚያ ቤቱ ሲቆርጥ የመጨረሻዋ ፊደል እግሯ ተቆረጠ። አምስት መቶ ቅጂ እንደዚያ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ጽሑፍ ከሚቆረጠው መስመር ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ አደርጋለሁ።

ለህትመት ቀለሙ ወደ ሲኤምዋይኬ (አራቱ የማተሚያ ቀለሞች) ይቀየራል፤ በኮምፒውተር መስታወት ላይ የሚያበራ አረንጓዴና ሰማያዊ እዚያ ይደበዝዛል። የእኛም ግራጫ ሰማይ በመጀመሪያው የሙከራ ህትመት ወደ ሐምራዊ ዞሮ መጣ፤ ሰማያዊውንና ቀዩን ቀነስ አድርገን ሁለተኛ ሙከራ አወጣን። አንድ ወረቀት ሳታሳትሙ ሺህ አታሳትሙ። የሙከራውን ወረቀት ደግሞ በአምፖል ሳይሆን በረንዳ ላይ ወጥታችሁ በቀን ብርሃን እዩት። በጀርባው ላይ ያሉ ትንንሽ ጽሑፎች በጥቁር ቀለም ብቻ ይታተሙ፤ አራቱ ቀለሞች ተደራርበው ከተሠሩ ትንሽ ሲዛነፉ ጽሑፉ ይደበዝዛል።

ፋይል በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ አትላኩ፤ ጥራቱ ይቀንሳል። እንደ ፋይል ላኩት።

ስምንተኛ፦ ስምምነት

ገንዘብና ማሻሻያ አስቀድሞ ይጻፍ። ግማሽ ክፍያ ሲጀመር፣ ግማሹ ሲያልቅ፤ ለድምፃዊቷ ከምታቀርቧቸው ሦስት ንድፎች አንዱ ከተመረጠ በኋላ ሁለት ዙር ማሻሻያ። ሥዕሉ ለአልበሙ ብቻ ነው ወይስ ለቲሸርትና ለፖስተርም? ይህም ይጻፍ። ውሳኔ የሚሰጥ አንድ ሰው ይሰየም። አጎት፣ ጓደኛና አቀናባሪ እኩል ድምፅ ካላቸው ሽፋኑ የማንም አይሆንም።

ዘጠነኛ፦ ወደ መደብሮች መላክ

የኢንተርኔት አከፋፋዮች ሽፋን የሚመልሱባቸው ምክንያቶች ተመሳሳይ ናቸው። ስልክ ቁጥር፣ የድረ ገጽ አድራሻ፣ የቴሌግራም ወይም የቲክቶክ ስም፣ ዋጋ፣ የመደብሮች ምልክት፣ የደበዘዘ ምስል አይፈቀዱም። በፖስተር ላይ ስልክ መጻፍ ስለለመድን በሽፋንም ላይ እንጽፋለን፤ ተዉት። በሽፋኑ ላይ ያለው ስምና በቅጹ ላይ የምትሞሉት ስም አንድ ይሁን፤ በአንዱ «ፀሐይ»፣ በሌላው «ጸሀይ» ከሆነ አድማጩም ሲፈልግ ይቸገራል።

ከካሬው በተጨማሪ ሁለት ቅጂ አዘጋጁ። ለዩቲዩብ 1280 በ720 ፒክስል የሆነ ሰፊ ቅጂ፤ የቪዲዮው ርዝመት በታችኛው ቀኝ ጥግ ስለሚጻፍ እዚያ ምንም አታስቀምጡ። ለቴሌግራም ቻናል ደግሞ በክብ የሚቆረጥ ቅጂ፤ የእኛው በክብ ሲቆረጥ ጀሪካኑ ወጥቶ ስለነበር ልጅቷንና ጀሪካኑን አቀራርበን ለብቻው ሠራነው።

መብራት በሄደ ቁጥር ሥራ እንዳይጠፋ በየአሥር ደቂቃው አስቀምጡ። ሲያልቅ ለድምፃዊቷ አንድ ማህደር አስረክቡ፤ ማረም የሚቻለው ዋና ፋይል፣ የኢንተርኔቱ ጄፔግ፣ የህትመቱ ፒዲኤፍ፣ ያልተቆረጠው ፎቶ፣ የፊደሎቹ ስምና የፈቃድ ወረቀቶቹ። አንድ ቅጂ በፍላሽ፣ አንድ ቅጂ በኢሜይሏ፣ አንድ ቅጂ እናንተ ዘንድ። ያቺ ልጅ ፍላሹን ስትቀበለኝ የሙከራ ህትመቱንም ጠየቀችኝ፤ ሐምራዊ ሰማይ ያለውን፣ የተበላሸውን። አሁን በረንዳው በር ላይ ተለጥፏል።